ከአስፋልቱ የሸሸንበት ቤት

እናቴ አስም ነበረባት። ትንፋሽ የሚያጥራት ግን ዳገት ስትወጣ ወይም ከባድ ነገር ስታነሳ አይደለም፤ የናፍታ ጭስ ሲሸታት ነው። እንግዲህ እንዲህ ያለች ሴት የት ትኑር? ናዝሬት፣ ከአዲስ አበባ ወደ አሰብ የሚወስደው አስፋልት ዳር፣ በሩ መንገዱ ላይ የተከፈተ ቤት ውስጥ! አባቴ በሕይወት ሳለ የተከራየው ቤት ነው። እሱ ሞተ፣ ቤቱም ተወረሰ፣ ኪራዩን ለቀበሌ እንከፍል ጀመር።

የዚያን ጊዜዋን ናዝሬት ለማያውቅ ልንገረው። አገር ምድሩ የሚያልፈው በዚያች በአንዲት መንገድ ነው። ከወደብ የሚመጣው ከባድ መኪና ከነተሳቢው፣ ሐረር የሚሄደው አውቶቡስ፣ ወታደር የጫነው ካሚዮን፣ በዚያ ላይ ጋሪው! ፈረሱ መሀል መንገድ ላይ ይገተርና አልሄድም ይላል፤ ከኋላው ያለው ሾፌር ጥሩምባውን ይነፋል፤ ባለጋሪው ወርዶ ይሳደባል፤ በዚህ መሀል ያ ሁሉ ሞተር ቆሞ ይንዶቀዶቃል። ከድርቅም ከጦርነትም የሸሸ ሁሉ እየመጣ ከተማው በየዓመቱ ይሞላል፣ መንገዱ ግን ያው ድሮ የነበረው ነው። እኔ ያኔ የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ነበርኩ። ጠዋት ነጭ ሸሚዝ ለብሼ እወጣለሁ፣ ማታ አንገትጌው ጠቁሮ እመለሳለሁ። እናቴ እሱን እያጠበች «ይሄው ነው እኔ ደረት ውስጥ ያለው» ትለኝ ነበር።

ሌሊት የምትተኛው ቁጭ ብላ ነው። ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጥታ፣ ትራስ ታቅፋ፣ አፏን ከፍታ። ጋደም ካለች ትታፈናለች። እኔ ከጎኗ ተኝቼ ያን ሲር ሲር የሚል ድምፅ ስሰማ ነው ያደግሁት፤ ድምፁ የጠፋ እንደሆነ ብድግ ብዬ አያታለሁ።

በዚያ ዘመን ቤት አይሸጥም፣ አይገዛም። ግን ሁለት የቀበሌ ተከራዮች ከተስማሙና ሊቀመንበሩ ከፈቀደ መቀያየር ይቻላል። ከገበያው ጀርባ፣ ጋሪ እንኳን ብዙ በማይገባበት ሰፈር፣ አንዲት ልብስ ሰፊ ነበረች። ባሏ ዘምቶ የት እንደደረሰ አይታወቅም፤ ልጆቿን የምታሳድገው በሲንጀሯ ነው። እሷ ደግሞ ደንበኛ የሚያልፍበት አስፋልት ትመኛለች። እናቴና እሷ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ተነጋግረው ጨረሱት፤ ሊቀመንበሩም ፈቀደ።

ጎረቤቶቻችን ግን ጉድ አሉ። «ሰው ወደ አስፋልት ይወጣል እንጂ ከአስፋልት ወደ ጢሻ ይገባል?» አለች አንዷ።

«ትንፋሽ የሚሸጥበት ሱቅ ካወቅሽ ንገሪኝና እዚሁ ልቅር» አለቻት እናቴ። ዕቃችንን በጋሪ ጭነን ሄድን።

አዲሱ ቤት ምኑም ቤት አልነበረም። አንድ ክፍልና አንድ ጓዳ፣ ጣራው የዛገ ቆርቆሮ፣ ግቢው ውስጥ አንድ ግራር። ግን ነፋስ! የናዝሬትን ነፋስ ሰው ይረግመዋል፣ አቧራ ነው ይለዋል፤ እናቴ ግን በሩን ወለል አድርጋ ከፍታ ትቀመጥለት ነበር። በገባን በሳምንቱ ይመስለኛል፣ ጠዋት ስነቃ ግድግዳው ባዶ ነው። ክው አልኩ። ዞር ስል ለካ ጋደም ብላ፣ በጎኗ፣ እንደ ሰው ተኝታለች። ቀሰቀስኳት። «ምን ሆንሽ?» አለችኝ። «ምንም» አልኳት፤ ወጥቼ ግራሩ ሥር አለቀስኩ።

አንድ ዓመት ሙሉ እንዲህ ኖረች። ፊቷ ሞላ። ደጃፍ ላይ ቁጭ ብላ የሚያልፈውን ሁሉ ትተርባለች፤ ቀልደኛ ሴት እንደሆነች ያወቅሁት ያኔ ነው። አስፋልቱ ዳር ሳለን ለቀልድ የሚተርፍ አየር አልነበራትማ!

ከዚያ ስብሰባ ተጠራ።

ሊቀመንበሩ ክፉ ሰው አልነበረም። እንዲያውም ከሌሎቹ ይሻላል ይባል ነበር። ቆመና «ጓዶች፣ ዋናው መንገድ ታንቋል፤ መኪናና ጋሪ ተጋጭቶ ሰው ይሞታል፤ ጭሱ ሕዝቡን ጨርሷል» አለ። ውሸት የለበትም። በዚያው ወር አንድ ተማሪዬ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ተሳቢ ገጭቶት ነበር። መፍትሔው ደግሞ ይኸውላችሁ፤ ከባድ መኪና ገበያው ጋ ሳይደርስ ከአስፋልቱ ይታጠፍና በጀርባው በኩል፣ በእህል መጋዘኑ አጠገብ ዞሮ ይወጣል። ለዚህም የሰፈሩ መንገድ በሕዝብ ጉልበት ይሰፋል፣ ገረጋንቲ ይለብሳል። የትኛው የሰፈር መንገድ? የእኛዋ ናት፤ ከደጃፋችን እስከ መንገዱ ሁለት እርምጃ አይሆንም።

«የሚቃወም አለ?» አለ። ማን ይቃወማል? ተቃወማችሁ ተብለው የተገደሉ ልጆች በየመንገዱ ወድቀው ያየ ሕዝብ ነው። «የምትደግፉ እጃችሁን አውጡ» ሲል አዳራሹ እጅ በእጅ ሆነ። የእናቴም እጅ ወጣ፤ ያውም ከፊት መቀመጫ፣ ቀጥ ብሎ!

በመንገድ ላይ ጮኽኩባት። «እማዬ፣ ምን ነካሽ? ደጃፍሽ ላይ እኮ ነው!»

«ያ ሁሉ ሰው ሲያወጣ እኔ እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ ልቀመጥ? ማን ናት ብለው ቢያዩኝስ? ልጅ አለኝ እኮ!» አለች። ልጇ እኔው ነኝ። ክንዷን ያዝኩና ቤታችን ገባን።

ከዚያ ወዲያ እሁድ ዘመቻ ሆነ። ቤተ ክርስቲያን ስመን ሳንጨርስ ጥሩምባ ይነፋል፤ አካፋና ዶማ ይዘን እንወጣለን። የቀረ ሰው ከቀበሌው ሱቅ ስኳርና ሳሙና አያገኝም። እናቴን «አንቺ ተቀመጪ» አሏት፣ እምቢ አለች፤ አፏን በነጠላ ጠቅልላ ገረጋንቲውን በከረጢት ትሞላለች። ቀይ አቧራው ቅንድቧ ላይ ተቀምጦ አየሁት። የምትገደልበትን መንገድ በገዛ እጇ ስትደለድል ቆሜ አያለሁ! ሌላው ሰው ግን ይዘፍን ነበር፤ መንገድ ሲገባለት ማን ይጠላል? ሰፈራችን አደገ ነበር የሚባለው።

መንገዱ አለቀና መኪናው መጣ። አስፋልቱ ላይ መቆም ስለተከለከለ ሾፌሮቹ የሚያልፉበት ብቻ ሳይሆን የሚያድሩበትም የእኛ ሰፈር ሆነ። ማደሩስ ግድ የለም ነበር። ጉዱ ሞተሩን አያጠፉትም! አመሻሹ ላይ ይቆማሉ፣ ሲነጋ ይሄዳሉ፣ ሌሊቱን ሙሉ ግን ሞተሩ ይንዶቀዶቃል፣ ጭሱ በቆርቆሮው ሥር እየገባ ቤቱን ይሞላል። እናቴ ወደ ግድግዳዋ ተመለሰች።

አንድ ማለዳ ነጠላዋን አደገደገችና ወጣች። ተከተልኳት። የመኪናውን በር በመዳፏ ደበደበችው። አንገቱ ላይ ፎጣ የጠመጠመ ወፍራም ሾፌር አይኑን እያሸ ብቅ አለ።

«እንደምን አደርክ ልጄ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ እንደምን አደሩ እናቴ? ምን ልታዘዝ?»

«ይሄን ሞተር አጥፋልኝ። ጭሱ ጨረሰኝ።»

«ባጠፋልዎት ደስ ባለኝ። ግን ካጠፋሁት አይነሳም። ባትሪው ሞቷል፣ ማስነሻው ሞተሪኖም ተቃጥሏል። ባትሪ ከውጭ አይገባም፤ የሁላችንም መኪና እንዲሁ ነው።»

«ታዲያ ሌሊቱን ሙሉ ናፍታ ስታነድ? ሕዝቡ በኩፖን የሚለምነውን?»

«ናፍታው የመንግሥት ነው እናቴ።»

«ትንፋሼስ የማን ነው?»

ሰውዬው ፎጣውን ከአንገቱ አወረደ።

«ቢገፋ ይነሳል?» አለችው።

«ቢገፋማ ይነሳል። ይሄን ማን ይገፋዋል?»

«እኛ ነና!»

ከት ብሎ ሳቀ። እሷ ግን አልሳቀችም። በዚያው ቀን ቤት ለቤት ዞረች። በማግስቱ ማለዳ ምን ልበላችሁ፣ የሰፈሩ ሴቶች ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው ከመኪናው ኋላ ተሰለፉ። ጭነቱን አራግፎ ባዶውን የቆመ መኪና ነበር፤ መንገዱም ወደ መጋዘኑ ትንሽ ያዘቀዝቃል። እናቴ መግፋት ስለማትችል ከፊት ቆማ ታዝዛለች። ሾፌሩ ከጎማው ሥር ታኮውን አወጣ። «በሉ! ሆ! ሆ!» አለች። ገፋን። እንደ ተራራ ነው፣ አይንቀሳቀስም። «ቁርስ አልበላችሁም እንዴ?» ብላ ጮኸች። በሳቅ ጉልበታችን አለቀ፤ ደግመን ገፋን፣ ጎማው ቀስ አለና ዞረ፣ ሾፌሩ ማርሽ አስገብቶ ፍሪሲዮኑን ሲለቀው መኪናው ተንገጫግጮ ተነሳ። ያን ሁሉ ጥቁር ጭስ ፊታችን ላይ ተፋው። እልል አልን። ያን ቀን ሰሌዳ ላይ ስጽፍ እጄ ጥቁር ነበር፤ ተማሪዎቼ ሳቁብኝ፣ እኔም ሳቅሁ።

ወሬው በሾፌሮቹ ዘንድ ተሰማ። ማታ ሲቆሙ ያጠፋሉ፣ ጠዋት እንገፋላቸዋለን። ከአሰብ ሲመለሱ ጨው የሚያመጡልንም ነበሩ። አንዳንዷ ጎረቤት «እኔ በቅሎ ነኝ እንዴ?» እያለች ብታጉረመርምም ትመጣለች። ከክረምቱ መውጫ እስከ ኅዳር እንዲህ ኖርን። እናቴም ጋደም ብላ መተኛት ጀመረች።

ታኅሣሥ ሲገባ የአርሲ እህል ደረሰ።

ገበሬው ለመንግሥት የሚያስገባው እህል ነው። ከሁሩታ፣ ከደራ፣ ከዚያም ወዲያ ካለው አገር እየተጫነ ይመጣና በመንገዳችን መጨረሻ ባለው መጋዘን ይራገፋል። ሚዛኑ አንድ ነው፣ መዛኙ ይበላል፣ ይተኛል፣ ስብሰባ ይሄዳል። መኪናው ግን ከመጋዘኑ በር እስከ አስፋልቱ መታጠፊያ አፍንጫና ጭራ ገጥሞ ይሰለፋል። እንዲህ የተሰለፈን መኪና ማን ይገፋል? ለመነሳት የሚንደረደርበት ቦታ የለው! ሰልፉ ደግሞ በየሰዓቱ አንድ አንድ እርምጃ ይጠጋል። ስለዚህ ቀንም ሌሊትም አንድም ሞተር አይጠፋም።

እናቴ እንደገና ወጣች። ደጃፋችን ላይ የቆመው ከሁሩታ የመጣ ሾፌር ነበር። «አካም ቡልተኒ?» አላት፤ እሷም በምታውቃት ኦሮምኛ መለሰችለትና የተለመደውን ለመነችው። ሰውዬው ፊቷን አየ። እያቃሰተች ነው የምታወራው። ሞተሩን አጠፋላት። ትንሽ ቆይቶ ሰልፉ ተጠጋ፤ የእሱ መኪና እምቢ አለች። ከኋላው ያሉት ጥሩምባቸውን እየነፉ፣ እየተሳደቡ፣ በእኛ አጥር ሥር ታከው እያለፉ ተራውን ወሰዱበት። ሲመሽ በሩን አንኳኳ። አልተቆጣም። ቆቡን በእጁ ይዞ «እናቴ፣ ይቅር ይበሉኝ፣ ሁለተኛ አልችልም። እኔም የሚጠብቁኝ ልጆች አሉ» አላት። «እግዜር ይስጥልኝ ልጄ፣ ይሄም ብዙ ነው» አለችው።

የታኅሣሥ ሌሊት ቀዝቃዛ ነው፤ ነፋሱ ከቆመ ጭሱ መሬት ይተኛል። እኔ ጨርቅ እያረጠብኩ የበሩን ስንጥቅ፣ የመስኮቱን ዳር፣ የቆርቆሮውን ሥር እጠቀጥቃለሁ። ጠዋት ጨርቁን ስነቅለው ጥቁር ነው። ሆስፒታል ወሰድኳት፤ መርፌ ወጉልኝ፣ «ጭስ ካለበት ቦታ አርቂያት» አሉኝ። ወዴት ላርቃት? ከእኔ በቀር ዘመድ የላትም። ቢሾፍቱ ዝውውር ጠየቅሁ፤ ለሚመጣው ዓመት ይታያል ተባልኩ።

ቀበሌ ሄድኩ። «ጓድ ሊቀመንበር፣ እናቴ መሞቷ ነው፣ ሌላ ቤት ስጡን» አልኩ።

«ሌላ ቤት የለም። ቀይራችሁ የገባችሁት ራሳችሁ ናችሁ» አለኝ። «ደግሞ መንገዱን እናትሽም ደግፈዋል። እጃቸውን ሲያወጡ አይቻለሁ።»

ደሜ ፈላ። «እጇን ያወጣችው ፈርታ ነው!» አልኩት።

ጎኑ የተቀመጠው ጸሐፊ ቀና ብሎ አየኝ። ሊቀመንበሩ ተነሳ፣ ክንዴን ይዞ እስከ ደጅ አወጣኝና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ይሄን እኔ አልሰማሁም። አንቺም አላልሽም። ሂጂ» አለኝ። ጸሐፊው ሰምቶ እንደሆነ ወደ ኋላው ዞር ብሎ አየ። እሱም ይፈራል ለካ!

የቀረኝ ልብስ ሰፊዋ ናት። አስፋልቱ ዳር ወዳለው የድሮ ቤታችን ሄድኩ። እንዴት ያለ ቤት ሆኗል! ከባዱ መኪና ሁሉ በእኛ ሰፈር ስለሚዞር መንገዱ ጸጥ ብሏል፤ መስኮቱ ክፍት ነው፤ ነጭ መጋረጃ ሰቅላለች፣ መጋረጃውም ነጭ እንደሆነ ነው። እናቴ ያን ሁሉ ዘመን የተመኘችው አየር ጥለነው የወጣነው ቤት ውስጥ ተቀምጧል። ገባሁና እግሯ ላይ ወደቅሁ። «እንመለስ፣ መልሰን እንቀያየር» አልኳት።

አነሳችኝ። አብራኝ አለቀሰች። «ደንበኞቼን ሁሉ ያገኘሁት እዚህ ነው» አለችኝ። «እዚያ ሄጄ ማን ያሰፋል? ልጆቼን ምን ላብላ? ደግሞስ ያ ጭስ የእናትሽን ደረት ካቃጠለ የእነሱን አያቃጥልም? እስቲ አንቺ ብትሆኚ ትሰጪያለሽ?» አልሰጥም። እውነቷን ነው፣ ዛሬ ድረስ አልፈርድባትም። ያን ቀን ግን ጠላኋት፤ ውኃዋን እንኳን ሳልጠጣ ወጣሁ።

ጥር ገባ፣ ጥምቀት ሊደርስ ነው። ከቀትር በኋላ እያስተማርኩ ሳለሁ መኪና ከሚገፉት አንዷ፣ ጎረቤታችን፣ ክፍሌ በር ላይ ቆመች። ጠመኔውን ጣልኩና ሮጥኩ። እናቴ ከጓዳው በስተኋላ ግራሩ ሥር ተቀምጣ፣ ሁለት እጇን መሬት ላይ ተክላ፣ አየሩን በአፏ ትይዝ ነበር። ከንፈሯ ጠቁሯል። ሴቶቹ ሆስፒታል የሚወስዳት ጋሪ አምጥተዋል። ተሸክመን ጋሪው ላይ አወጣናትና እኔ ከኋላ አቀፍኳት።

መንገዱ ግን ታንቋል። በግራ የእህሉ ሰልፍ፣ በቀኝ ወደ አሰብ የሚሄዱት፤ መሀል ላይ ለፈረስ የሚሆን ክፍተት እንኳን የለም። ሴቶቹ ወደፊት እየሮጡ የመኪና በር ይደበድባሉ፣ «ልቀቁ! ሰው ልትሞት ነው! ልቀቁ!» ሾፌሮቹ አወቋት። ሁሉም ሊለቅልን ፈለገ፤ አንዱ ወደፊት ይላል፣ አንዱ ወደኋላ ይላል፣ መሪ ይጠመዝዛል፣ ነዳጅ ይሰጣል። ወይኔ! መንገድ ሊሰጡን ባጓሩት ቁጥር ጭሱ ላያችን ላይ ይወርዳል። ነጠላዬን አውልቄ ፊቷን ሸፈንኩላት፤ በእጇ ገፋችው፣ አየር መስሏት። «አጋድሚኝ» አለችኝ። «እማዬ፣ ጋደም ካልሽ ትታፈኛለሽ» አልኳት። «ግድ የለም፣ አጋድሚኝ» አለች። ጭኔ ላይ አጋደምኳት። ሲር ሲር የሚለው ድምፅ ትንሽ ቆየ፣ ከዚያ ጠፋ። አስፋልቱ ጋ አልደረስንም ነበር።

ጋሪውን አዙረን መለስናት።

በዚያው ምሽት የእድራችን ሰዎች ድንኳን ይዘው መጡ። ግቢያችን ጠባብ ነው፤ ድንኳኑ የተተከለው መንገዱ ላይ ነው። ምሰሶውን ያን እናቴ በከረጢት የሞላችው ገረጋንቲ ውስጥ ቆፍረው ቀበሩት፤ ከዳር እስከ ዳር ዘጋው። ሰልፍ የያዙት መኪናዎች በኋላ ማርሽ እየሄዱ ወጡ። ሊቀመንበሩ መጣ፤ ድንኳኑን አየ፣ መንገዱን አየ፣ «እግዚአብሔር ያጥናሽ» ብሎኝ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። የለቅሶ ድንኳን አንሱ የሚል አፍ በዚህ አገር የለም፤ አብዮትም ቢሆን አልደፈረውም።

ድንኳኑ እስካለ ድረስ መኪና በሰፈራችን አላለፈም። እህሉ ሌላ በር ተከፍቶለት በአስፋልቱ በኩል ይገባ ጀመር። ለካ ሌላ በር ነበረው! ለካ መንገዱ ይዘጋል! ስንለምን፣ ስንገፋ፣ ስንወድቅ ስንነሳ አይቻልም የተባለው ነገር እሷ ስትሞት በአንድ ምሽት ሆነ። ሣልስቷ እስኪወጣ ነፋሱ ድንኳኑን እያርገበገበ፣ አየሩ ጥርት ብሎ፣ የግራሩ ሽታ እየመጣ፣ እኔ ፍራሽ ላይ ተቀምጬ በደንብ ስተነፍስ በራሴ አፈርኩ። አየሩን ስቤ መልሼ ልተፋው ቃጣኝ። አልቃሽዋ ደግነቷን ስትዘረዝር እኔ የምለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ይሄን አንዲት ቀን፣ አንዲት ቀን ብቻ፣ በቁሟ ቢሰጧት ምን ነበረ?

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ የእድሩ ሰዎች ገመዱን መፍታት ጀመሩ። ተነስቼ ምሰሶውን አቀፍኩት።

«አባባ፣ እባክዎ ዛሬን ይደር» አልኳቸው ሽማግሌውን። «ኪራይም ከሆነ እከፍላለሁ። ዛሬን ብቻ።»

«ልጄ፣ ሌላም ለቅሶ አለ፣ ድንኳኑ ይፈለጋል» አሉኝ። እንዳበድኩ መስሏቸው ራሴን ሳሙኝ። ጣቶቼን አንድ በአንድ ከምሰሶው ላይ አላቀቁና ለሴቶቹ ሰጡኝ። ምሰሶው ተነቅሎ ጉድጓዱ በአፈር ሳይደፈን የመጀመሪያው መኪና በላዩ አለፈ።